ሊቀ ሌንስ እና የእቴቴ ፍንጭት

በየሰፈሩ ቢያንስ አንድ መራጭ አይጠፋም። ገዢ ሌላ ነው፣ መራጭ ሌላ። ገዢ ዕቃውን አይቶ፣ ወዶ፣ ተሸክሞ ቤቱ ሲደርስ ይጸጸታል። መራጭ ግን ገና ሱቁ በር ላይ ሳይደርስ፣ ላልገዛው ዕቃ ተጸጽቶ ይጨርሳል። ስለ ዕቃው ከሠራው ሰው በላይ ያውቃል፤ ዕቃው ግን የለውም። ጫማ ሲያማርጥ ክረምቱ በቀዳዳ ጫማው የሚገባበት፣ ዣንጥላ ሲያገላብጥ ዝናቡ የሚያባራበት ሰው ታውቃላችሁ። ካላወቃችሁ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የዚህ ታሪክ መራጭ ፎቶ አንሺ ነው። ሰፈርተኛው "ሊቀ ሌንስ" ይለዋል። ማዕረጉን ያጸደቀለት ከፎቶ ቤቱ ጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ ሲሆን፣ የሹመቱም ምክንያት የታወቀ ነው። አንድ እሑድ "ለአምስት ደቂቃ ብቻ ተቀመጥልኝ፣ ሌንስ ልሞክርብህ" ተብሎ ገብቶ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ የወጣው እሱ ነው። ሲወጣ አንድም ፎቶ አልተሰጠውም። የተሰጠው ዕውቀት ብቻ ነበር፦ "ግራ ዓይንህ ከቀኙ በሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል።" ምስኪኑ ፀጉር አስተካካይ እንጀራው መስታወት ፊት መቆም ነው። ሳምንት ሙሉ ዓይኑን ከመስታወቱ ሲያሸሽ የሰው ጆሮ ሊቆርጥ ምንም አልቀረው። "ሊቀ ሌንስ ዓይኔን በላው!" እያለ ለደንበኛው ሁሉ አወራ። ስሙ እንዲያ ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ።

ፎቶ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ታናሽ እህቱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የሰው ግንባር ላይ የሚያብረቀርቀውን ወዝ ታብሳለች፤ ብጉር ታጠፋለች፤ የተጣመመ ኮሌታ ታቃናለች። በኋለኛው ክፍል ደመና የተሳለበት መጋረጃና አንድ ትልቅ መስኮት አለ። በመስኮቱ ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ጠዋት ፀሐይዋ በዚያ ጨርቅ ውስጥ ስትገባ ክፍሉ ወተት የተቀዳበት ብርጭቆ ይመስላል። ሊቀ ሌንስ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሲሄድ ቆሞ ማየት ይወዳል። ብርሃኑ ከወንበሩ እግር ተነሥቶ፣ ወንበሩን ተሻግሮ፣ ግድግዳውን ወጥቶ እስኪጠፋ ይሸኘዋል። ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያስል አይሰማም።

"ጋሼ፣ ሰው መጥቷል" ትለዋለች እህቱ።

"መጣሁ፤ ብርሃኑ ትንሽ ይብሰል።"

"ሰውየው በሮ እስኪሄድ ነው የሚበስለው?"

ከዘጠኝ ወር በፊት፣ ሚረርለስ የሚሉትን፣ በሆዱ መስታወት የሌለውን አዲሱን የካሜራ ዓይነት ገዝቷል። የገዛው ግን አካሉን ብቻ ነው። ሌንሱ ለብቻው ይመረጣል፤ እዚህ ላይ ነው ነገር የመጣው። ሻጩ "ለፊት ፎቶ የትኛውን ልስጥህ? ሃምሳ ሚሊ ሜትሩን፣ ሰማንያ አምስቱን ወይስ መቶ ሠላሳ አምስቱን?" ብሎ ጠየቀው። ሊቀ ሌንስ ሦስቱንም አየ፣ ሦስቱንም አሸተተ ማለት ይቻላል፣ ከዚያም በሕይወቱ ብዙ በር የዘጋችበትን ቃል ተናገረ፦

"ልደርበት።"

እህቱ ይህችን ቃል በደንብ ታውቃታለች። ወንድሟ ያላደረበት ነገር የለም፤ ያላደረበት አልጋው ብቻ ነው። በሱሪ ላይ ያድራል፤ በቀለም ላይ ያድራል፤ ሻይ ቤት ገብቶ "ምን ላምጣ?" ሲባል አስተናጋጁን ቀና ብሎ አይቶ ያመነታል። አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ይወድ ነበር። ማክሰኞ ይንገራት ወይስ ዓርብ፣ ይህን ሲመዝን ሁለት ዓመት ሄደ። አስተማሪዋ በመጨረሻ የሠርጓን ፎቶ እንዲያነሣላት ጠየቀችው። አነሣላት። እሱን እንኳ "የትኛው ሌንስ ይሻል ነበር?" እያለ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። የቆጨው ሌንሱ ብቻ እንዳልሆነ እህቱ ትገምታለች፤ ጠይቃው ግን አታውቅም።

እና ዘጠኝ ወር ሙሉ ካሜራው አፉ በጥቁር ክዳን ተገጥሞ መደርደሪያ ላይ ቁጭ አለ። የዕለት ሥራውን፣ ጉርዱን ሁሉ፣ የሚሠራው ያው አሮጌው ካሜራ ነው። አዲሱ በየጠዋቱ አቧራው ይነፋለታል፤ ከዚያ ይታያል እንጂ አይታይበትም። እሱም ቢሆን አያይም፤ ዓይን የለውማ።

ለጠየቀው ሁሉ ግን ሊቀ ሌንስ ያስተምራል። ይህን ሲያስተምር ያላየ ሰው በእሱ መሳቅ ይችላል፤ ያየ ግን ትንሽ ይከብደዋል። ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ዓይኑ ከሰሚው ትከሻ አልፎ ወደ መስኮቱ ይሄዳል።

"ሃምሳው ማለት" ይላል፣ "ከሰው ጋር ጠረጴዛ ከብበህ ስታወራ የምታየው ነው። አለ፤ አጠገብህ ነው፤ ሳህኑም ይታያል። ሰማንያ አምስቱ ሌላ ነው። የናፈቅከውን ሰው ስታስታውስ ጀርባው ያለው ግድግዳ ትዝ ይልሃል? አይልህም። ፊቱ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ሌላው ብዥ ይላል። ሰማንያ አምስት እሱ ነው። መቶ ሠላሳ አምስቱ ደግሞ… አውቶቡስ ላይ የሸኘኸው ሰው በመስኮቱ ሲታይህ፤ ብትጠራው የማይሰማህ። እንደዚያ ነው።"

"ታዲያ የትኛውን ትገዛለህ?" ይላል ሰሚው፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ።

"ሦስቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን…"

ከዚህ "ግን" በኋላ የሚመጣውን የሰማ የለም። ሁሉም ሥራ አለው።

ነገሩ በዚሁ መቀጠል ይችል ነበር። ያልቀጠለው በእቴቴ ጥርስ ምክንያት ነው።

እቴቴ አክስታቸው ናቸው። ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ ሁለቱንም ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በትልቁ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ሆነው ሠርተዋል። ገበያ ሲወጡ ግማሹ ሰው ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣቸዋል፤ ግማሹን እሳቸው "አንተ ስትወለድ በእግርህ የመጣኸው አይደለህ?" እያሉ በሰው ፊት ያሳፍሩታል። ፍንጭት ናቸው። ሲስቁ የላይኛው ጥርሳቸው መሐል በር ይከፈታል፤ በዚያ በር የሚወጣው ሳቅ የጎረቤት ውሻ ያስነሣል። ግን ሳቃቸው በአንድም ፎቶ ላይ የለም። በሠርጋቸው ቀን ፎቶ አንሺው "ሙሽሪት፣ አፍሽን ሰብስቢ" አላቸው። በመታወቂያቸው ላይ ተኮሳትረዋል። የጡረታ ሽኝታቸው ዕለት በተነሡት ደግሞ ልክ ሊያስነጥሱ ሲሉ ነው የተያዙት።

አንድ ሰኞ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጡና ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ተናገሩ።

"የላይኛው ጥርሴ ሐሙስ ሙሉ በሙሉ ይነቀላል።"

እህትየው ከወንበሯ ተነሣች። "ሙሉ በሙሉ?"

"ድዱ ሸሽቷል፤ እንደ ልቅ አጥር እየተነቃነቀ ነው። አዲስ ይገጥሙልኛል። ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው፣ 'እማማ፣ ከፈለጉ በአዲሱም ላይ ፍንጭት ልተውልዎ' አለኝ። የተገዛ ፍንጭት ምን ያደርግልኛል አልኩት።" ከዚያ ወደ ወንድምየው ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ ስሞት ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉልኝ ያንን የተቆጣሁበትን መታወቂያ ነው? ሳቄን አንሣልኝ። በገዛ ጥርሴ፣ እስከ ሐሙስ።"

ቀልድ አልነበረም። እህትየው ታውቃቸዋለች፤ ቀልድ ሲሆን ቦርሳቸውን ያስቀምጣሉ። ሐሙስ ካለፈ ያቺ በር ተዘጋች፤ ከዚያ ወዲያ የትም አትገኝም።

"በአሮጌው አሁኑኑ አንሣቸው" አለችው ወንድሟን በጆሮው።

"እቴቴን? በጉርድ ሌንስ?" ሊቀ ሌንስ ፊቱ ተቀያየረ። "አብደሻል? እሳቸውን እንደ መንጃ ፈቃድ አላነሣቸውም።"

በዚያው ከሰዓት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ፣ ሮጠ። ሠርግ የሚቀርጸው ወዳጁ ዘንድ ሄዶ ሁለት ሌንስ እስከ ዓርብ ተዋሰ፣ ሰማንያ አምስቱንና መቶ ሠላሳ አምስቱን። ከሦስት ምርጫ ወደ ሁለት ወርዷልና እህቱ ተስፋ አደረገች። የዋህ ናት።

ማክሰኞና ረቡዕ እቴቴ በየጠዋቱ እየመጡ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ሊቀ ሌንስ ሌንስ ከመምረጡ በፊት መፈተን አለበት፤ ሲፈትን ደግሞ ደንብ አለው። ተነሺው አንድ ገጽ ጋዜጣ በሁለት እጁ ዘርግቶ ከአፍንጫው ሥር ይይዛል። ዓይኑ ጠርቶ ከወጣና ከሥሩ ያለው ትንሽ ፊደል ከተነበበ ሌንሱ ደህና ነው ማለት ነው። እቴቴ ጋዜጣውን ይዘው፣ በላዩ በኩል ሁለት ዓይናቸውን ብቻ አውጥተው፣ ሲያወሩ ይውላሉ። በየመሐሉ ይስቃሉ። ጋዜጣው ይርገበገባል።

"እቴቴ፣ አይነቅንቁት።"

"እኔ ነኝ ወይስ ዜናው ነው የሚነቃነቀው?"

ሰማንያ አምስቱን ያወልቃል፣ መቶ ሠላሳ አምስቱን ይገጥማል። ክፍሉ ይጠብበውና በሩን ከፍቶ እስከ እህቱ ጠረጴዛ ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። "የፊት ፎቶ ማለት መራቅ ነው" ይላታል ሲያልፍ። "ሰውን ስትቀርቢው አፍንጫው ይገንናል፤ ጆሮው ይሸሻል። ከራቅሽው ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።" ከዚያ ተመልሶ ሰማንያ አምስቱን ይገጥማል። ብርሃኑ ወንበሩን ይሻገራል፤ ግድግዳውን ይወጣል። እቴቴ በተቀመጡበት ያንቀላፋሉ።

ረቡዕ ከሰዓት እህትየው ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ከፈተች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። አንድ በአንድ አየቻቸው። የዐይን ሽፋሽፍታቸው ይቆጠራል። በጋዜጣው ላይ ያለው የጠፋ ውሻ ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ ይነበባል።

"ጋሼ፣ ጥርሳቸው የታለ?"

"ምን?"

"ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ነው። በሁሉም ላይ ጋዜጣ አፋቸውን ሸፍኗል።"

ሊቀ ሌንስ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ አየ። አልደነገጠም። "ይኼማ ፈተና ነው። ዋናው ነገ ነው። ቀጠሯቸው ከሰዓት አይደል? ጠዋት ብርሃኑ ሲበስል…"

"የትኛውን ሌንስ መረጥህ?"

"ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን…"

ሐሙስ ማለዳ እቴቴ ሰማያዊ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተተኩሰው መጡ። ወንበሩ ተስተካከለ፤ ጋዜጣው ተጣለ። ሊቀ ሌንስ ሰማንያ አምስቱን ገጠመ። አየ፤ ተነፈሰ፤ አወለቀ። ሌላውን ገጠመ፤ እንደገና አወለቀ። ስድስተኛው ጊዜ ላይ ሌንሶቹን ጠርጎ በየክዳናቸው ከደነ፤ ትንሿ ሣጥናቸው ውስጥ አጋደማቸው፤ የካሜራውንም አፍ በጥቁሩ ክዳን ዘጋ። ትንሽ ማሰብ ፈለገ። በዚህ መሐል የእቴቴ ስልክ ጮኸ።

"አቤት… አሁን?… እሺ፣ እሺ ልጄ።" ዘጉት። "ከሰዓት መብራት ይጠፋል ተብሏል። አሁኑኑ ይምጡ ነው የሚሉት።"

"ትንሽ ይጠብቁ እቴቴ! ብርሃኑ ገና…"

"እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁት ነገር ቢኖር" አሉ ሹራባቸውን እየቆለፉ፣ "ሰዓቱ የደረሰ ነገር 'ትንሽ ቆይ' ቢሉት የማይሰማ መሆኑን ነው።" ወጡ።

ወንድምና እህት ተከትለዋቸው ሮጡ። ክሊኒኩ ከተማውን አቋርጦ ነው ያለው። አውቶቡሱ ውስጥ እቴቴ መስኮት ሥር ተቀመጡ፤ እህትየው አጠገባቸው፤ ሊቀ ሌንስ ከፊታቸው ዞሮ የካሜራ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቀፈ። መንገዱ ዳር ዛፎች ነበሩ። ፀሐይዋ በቅጠሎቹ መሐል እየሾለከች በእቴቴ ፊት ላይ ትመጣለች፣ ትሄዳለች፣ ትመጣለች። እህትየው የፀጉር አስተካካዩን ዓይን ታሪክ ለሦስተኛ ጊዜ ስትነግራቸው ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ። ፍንጭታቸው ላይ ትንሽ ብርሃን አረፈ፤ ከኋላቸው ያለው ከተማ ሁሉ ቀለም ብቻ ሆኖ ይፈስ ነበር።

ሊቀ ሌንስ ብድግ አለ። ዓይኑ በርቷል።

"ሰማንያ አምስቱ!" ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። "ሰማንያ አምስቱ ነው! መረጥኩ! በቃ፣ መረጥኩ!"

እህቱ አፏን በእጇ ያዘች። ዘጠኝ ወር የጠበቀችው ቃል ነው፤ እንባ ሊመጣባት ምንም አልቀራት። ሊቀ ሌንስ ቦርሳውን ከፈተ። ካሜራውን አወጣ። እጁን መልሶ ከተተ። ወደ ግራ ፈለገ፣ ወደ ቀኝ ፈለገ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ሣጥኗ" አለ። "ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ናት።"

ሰው ሌንስ ይሳሳታል፤ ቀን ይሳሳታል። ሌንሱን በጥንቃቄ ጠርጎ፣ ከድኖ፣ አሽጎ፣ ቤት ትቶት ፎቶ ለማንሣት የሚሄድ ግን መራጭ ብቻ ነው።

በመጠባበቂያው ክፍል አራት ሰዎች ጉንጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጥርስ ሐኪሙ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ወጣና እቴቴን እጅ ነሣ። ወጣት ነው፤ ይህም በእቴቴ እጅ የተወለደ ነው። "እማማ፣ የፊተኛውን ሰው ልጨርስና ከሩብ ሰዓት በኋላ እርስዎ ይገባሉ" ብሎ ተመለሰ።

ሊቀ ሌንስ ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል።

"ምን ሆነሃል?" አሉት እቴቴ። "ጥርሱ የሚነቀለው የኔ ነው እንጂ ያንተ አይደለም።"

"ይቅር ይበሉኝ እቴቴ። አንድ ነገር ለመኑኝ። እሷንም…"

እህቱ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ሁልጊዜ ከ"ግን" በኋላ የሚለው ነገር ነበረው፤ አሁን የለውም። እጁን ያዘች። ምን እንደምትለው ሳታውቅ፣ ለማጽናናት ያህል ብቻ፣ የልጅነታቸውን ነገር አነሣች።

"ጋሼ፣ ኩፍኝ የያዘን ጊዜ ትዝ ይልሃል? እቴቴ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተኝተውን። የእንጨቱ መስኮት ላይ ያለችው ቀዳዳ፣ መንገደኛውን ሁሉ ግድግዳው ላይ ስታመጣው። በጭንቅላቱ የተዘቀዘቀ ሰው፣ የተዘቀዘቀ አህያ። ቀኑን ሙሉ ስናይ እንውል ነበር።"

"አስታውሳለሁ።"

"ያ ቀዳዳ ሌንስ ነበረው እንዴ?"

ሊቀ ሌንስ ቀና አለ። አያት። ካሜራውን አየ። አፉ ላይ ያለውን ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ሳያንኳኳ የሐኪሙን በር ከፍቶ ገባ።

"መሰርሰሪያህን ላስቸግርህ" ሲል ተሰማ።

"ምን? ተራ ይጠብቁ እንጂ ጋሼ!"

"ለኔ አይደለም። ለካሜራው ነው።"

ነገሩን በችኮላ አስረዳው፤ ብርሃን በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ከገባ ራሱ ሥዕል ይሠራል፤ ሌንስ አያስፈልገውም። ሐኪሙ አንዴ እሱን፣ አንዴ በበሩ የሚታዩትን እቴቴን አየና ክዳኑን ተቀበለው። የጥርስ መሰርሰሪያው ሲጮህ በመጠባበቂያው ክፍል ያሉት አራቱም ሕመምተኞች ጉንጫቸውን ጠበቅ አደረጉ።

"ማደንዘዣ ሳትወጋው!" ብለው ጮኹ እቴቴ ከውጭ።

የመጀመሪያው ቀዳዳ በጣም ሰፋ፤ በካሜራው ላይ የታየው ነጭ ጉም ብቻ ሆነ። ነርሷ ኪኒን ከታሸገበት ላይ ስስ ብርማ ወረቀት ቀደደችላቸው። ሊቀ ሌንስ በመርፌ ጫፍ ብስት አድርጎ ቀዳዳው ላይ ለጠፈው። ካሜራው "ሌንስ አልተገጠመም" ብሎ በስክሪኑ ላይ አመለከተ። ሊቀ ሌንስ "ልክ ነህ" አለውና በግድ እንዲያነሣ አዘዘው።

ካሜራው መስኮቱ ሥር፣ ወንበር ላይ በተደራረቡ የቆዩ መጽሔቶች አናት ላይ ተቀመጠ። እቴቴን ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ሊቀ ሌንስ በስክሪኑ ሲያይ እንደ ሩቅ ጥላ ሆኑ። ወንበራቸውን አስጠጋው። አሁንም ሩቅ ናቸው። አስጠጋ፣ አስጠጋ፤ በመጨረሻ በእሳቸውና በካሜራው መሐል አንድ ክንድ እንኳ አልቀረም።

"እቴቴ፣ በዚህ ርቀት… አፍንጫዎ ይገንናል።"

"አፍንጫዬም የኔው ነው። አንሣ።"

"አምስት ሰከንድ ሳይነቃነቁ መሳቅ አለብዎ።"

"አምስት ሰከንድ ዝም ብዬ አላውቅም" አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ስለ ሐኪሙ እናት ማውራት ጀመሩና ሦስት አፍ ሆነው ወጡ። በሁለተኛው ለመሳቅ ሲሞክሩ መታወቂያቸውን ሆኑ። የተገዛ ሳቅ እንደ ተገዛ ፍንጭት ነው፤ አልመጣም። ከውስጥ ነርሷ "ዝግጁ ነን" አለች።

ጥግ ላይ ጉንጩ እንደ ሎሚ ያበጠ አንድ ሾፌር ተቀምጦ ነበር። ከገባ ጀምሮ መሐረቡን ከአፉ አላነሣም። አሁን መሐረቡን ከአፉ አነሣና፣ በግማሽ አፉ፣ በሙሉ ልመና ተናገረ።

"እማማ፣ በፈጠረዎ ይሳቁና ይግቡ። እኔ እያለቀስኩ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እቴቴ ያቺን በር ከፈቷት። ሊቀ ሌንስ ብርሃኑን አላየም፤ ሰዓቱን አልመዘነም፤ ቁልፉን ተጫነው። አንድ፣ ሁለት። እቴቴ ሳቃቸውን እንደ ሞላ ብርጭቆ ይዘው ተቀመጡ። ሦስት። ነርሷ በር ላይ ቆማ በጣቷ ትቆጥራለች። አራት። እህትየው የራሷን ትንፋሽ ይዛለች። አምስት።

በስክሪኑ ላይ ቀስ ብሎ አንድ ፊት መጣ።

የዐይን ሽፋሽፍት አይቆጠርበትም። ጠርዝ የሚባል ነገር የለውም። ፊቱ ክብ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ከላይ ሊያቅፍ የመጣ ይመስላል። አፍንጫው ገንኗል። በዙሪያው ያለው ሁሉ፣ መስኮቱም፣ ወንበሮቹም፣ ጉንጭ የያዙት ሰዎችም፣ እንደ ሞቀ ጭጋግ ወደ ዳር ሄዷል። ከዚያ ሁሉ መሐል ሳቅ አለ፤ በሳቁ መሐል ደግሞ ያቺ ትንሽ የጨለመች በር።

ሊቀ ሌንስ ካሜራውን ለእቴቴ ሰጣቸው። ተቀብለው በክንዳቸው ላይ አስተኝተው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

"አልወደዱትም?" አለ እሱ።

"ዝም በል እስቲ።" ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ። "እናቶችን ስነግር ነው የኖርኩት። 'ፊትሽን አስጠጊለት፤ አራስ ልጅ ከክንድ ወዲያ አያይም፤ የቀረው ሁሉ ለሱ ጭጋግ ነው' እያልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አልኩት። ምን እንደሚያይ ግን አላውቅም ነበር። ይኼን ነው ለካ የሚያየው።"

ጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ቆሟል። እቴቴ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ የእህታቸውን ልጆች አዩ።

"አንተም፣ አንተም፣ አንቺም። እናቶቻችሁ ገና ላባቸውን ሲጠርጉ፣ መጀመሪያ ያያችሁት ይኼንን ነው።"

እቴቴ ካሜራውን መለሱ፣ ሹራባቸውን አስተካከሉ፣ ሐኪሙን በክርኑ ይዘው "ና እንግዲህ፤ አንተን ሳወጣህ ያስጮህኩህን ዛሬ ትመልሳለህ" እያሉ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ወንድምና እህት አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሊቀ ሌንስ ካሜራውን በሁለት እጁ ይዞታል። "በሰማንያ አምስቱ ቢሆን ኖሮ" ብሎ ጀመረና ተወው። ሳይጨርስ የተወው የመጀመሪያ ንጽጽሩ ነበር።

ሾፌሩ መሐረቡን አነሣ። "ወንድም፣ እኔንም ታነሣኛለህ? ወይስ ይኼ ጉንጬ እስኪጎድል ልጠብቅ?"

ሊቀ ሌንስ አየው፤ ያበጠውን ጉንጭ፣ ቀልቶ ያቀረረውን ዓይኑን፣ ሦስት ቀን ያልተላጨ ጢሙን።

"ምን ይጠብቃሉ" አለ ከመቀመጫው እየተነሣ። "ቀረብ ይበሉ።"

እህትየው ወንድሟ ተንበርክኮ መጽሔቶቹን ሲደረድር ታየው ጀመር። ታውቀዋለች። ዓርብ ሌንሶቹን ይመልሳል፤ ቅዳሜ ሻጩ ዘንድ ይሄዳል፤ ሦስቱንም ያያል፤ ሳይገዛ ይመለሳል። ፀጉር አስተካካዩ ይስቃል። ጉርድ ፎቶ የመጣ ሰው በር ላይ ያስላል። ይህን ሁሉ እያወቀች፣ በዚያች ሰዓት አንድ ሰው መጥቶ "ከዓለም ወንድሞች ሁሉ አንዱን ምረጪ" ቢላት፣ ጣቷን ለመቀሰር አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም ነበር።